የሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው መልስ ይሰጠን፦ በጸጉር መርገፍ ጥናት የተሳተፍን ታካሚዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታሉ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ
ለቆዳና አባላዘር ሕክምና ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያው ዙር የጸጉር መርገፍ ጥናት ተሳታፊዎች ምላሽ ሳያገኙ ለሁለተኛው ዙር ምዝገባ መጀመሩን ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላትና የክፍሉ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በላሽ፣ ጠባሳ ትቶ በሚያልፍ የጸጉር መርገፍና በመሳሰሉት ሕመሞች ምክንያት በክፍሉ በተመላላሽነት የምንታከም አዋቂዎችና የታካሚ ልጆች ወላጆች ነን። አብዛኞቻችን ክፍሉ ባካሄደው የመጀመሪያ ዙር ጥናት ተሳትፈን ደማችንን፣ ጸጉራችንን፣ ከራስ ቆዳችን የተቆረጠ ናሙናና ፎቶግራፋችንን ሰጥተናል። ሰሞኑን ከካርድ ክፍሉ አጠገብ በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ የዚሁ ጥናት ሁለተኛ ዙር በኮሚቴያችሁ ጸድቆ ምዝገባ መጀመሩን አንብበናል። የመጀመሪያው ዙር ምን እንዳገኘ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ ስለ ተፈጸመብን አያያዝ በጽሑፍ ያስገባነው አቤቱታም የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ከማረፉ በቀር ያገኘው ነገር የለም። ስንመላለስ በቃል የተነገረን "ያኛው ጥናት ተዘግቷል" የሚል ነው። ጥናት ለተመራማሪው ሊዘጋ ይችላል። ናሙናውና ፎቶው በሌላ ሰው እጅ ላለ ተሳታፊ ግን በምን መንገድ እንደሚዘጋ ስላልገባን፣ ጉዳዩን በአደባባይ ለማቅረብ ተገደናል።

የሆስፒታሉንም ሆነ የተመራማሪዎቹን ስም ያልጠቀስነው ሆን ብለን ነው። ሕክምናችንን አሁንም እዚያው እንከታተላለን፤ የምንፈልገውም አሠራሩ እንዲታረም እንጂ ማንም በስሙ እንዲወቀስ አይደለም። ደብዳቤው የደረሰው ኮሚቴ ራሱን ያውቃል።

አስቀድመን አቋማችንን እንግለጽ፤ ምርምርን አንቃወምም። ላሽ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የጸጉርን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም መሆኑን፣ ከመቶ ሰዎች ሁለት ያህሉንም በሕይወት ዘመናቸው በአንድ ወቅት ሊይዝ እንደሚችል የታወቀው በምርምር ነው። ባሪሲቲኒብ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ለከባድ ላሽ ሲፈቀድ፣ ማስረጃ ሆነው የቀረቡት በሁለት ጥናቶች የተሳተፉ 1,200 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ቢያንስ የራስ ጸጉራቸውን ግማሽ ያጡ። ከ36 ሳምንታት በኋላ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል ከራሱ ቆዳ 80 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ በጸጉር ተሸፍኖለት ሲገኝ፣ ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ዘንድ ግን ይህን ያዩት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ማስመሰያው የደረሳቸው እነዚያ ሰዎች ከስምንት ወር በላይ ፍሬ ነገር የሌለበትን ክኒን እየዋጡ ጸጉራቸው እስኪበቅል ጠብቀዋል። ዛሬ አንድ ሐኪም "መድኃኒቱ ይሠራል" ብሎ በድፍረት የሚናገረው እነሱ ስለጠበቁ ነው፤ ተሳታፊ የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የተሳታፊ ቃልም ራሱን የቻለ ግኝት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ብዙዎቻችን ራሳችንን የምንቀባው ሚኖክሲዲል መጀመሪያ ላይ ለደም ግፊት የሚሰጥ ክኒን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተፈቀደውም ለዚያ ነው። ወሳጆቹ በፊታቸውና በሰውነታቸው ላይ ጸጉር እየበቀለባቸው ሲመጡ ያንን መዝግቦ የያዘ ሐኪም ስለነበረ፣ በ1988 ለራስ ጸጉር የሚቀባው ዓይነት ሊፈቀድ በቃ። "ከጥናቱ ዓላማ ውጭ ነው" ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ያ መድኃኒት ባልኖረን ነበር።

ከመካከላችን ጸጉራቸው ከመሐል አናታቸው እየሳሳ ወደ ዳር የሚሰፋባቸው ሴቶች ምርምርን የሚደግፉበት ተጨማሪ ምክንያት አላቸው። ይህ ዓይነቱ ሕመም በሳይንስ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲገለጽ ጥፋተኛ ተደርጎ የቀረበው በእሳት የሚሞቅ ማበጠሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየፀጉር ቤቱም በየሐኪም ቤቱም ሴቲቱ የምትሰማው "ራስሽ ነሽ በካስክ ያቃጠልሽው፣ በቅባት የጨረስሽው" የሚል ወቀሳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የአፍሪካ ዝርያ ያላቸውን 58 ታማሚ ሴቶች መርምሮ፣ በ14ቱ ላይ የጸጉርን ዘንግ ቅርጽ ለማስያዝ በሚያገለግል ፒኤዲአይ3 በሚባል ጂን ውስጥ ለውጥ አገኘ። ይህ ማለት አያያዝ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም፤ አጥብቆ የተሠራ ሹሩባ የግንባርንና የጆሮ ግንድ አካባቢን ጸጉር እንደሚነቅል እናውቃለን፣ የሚያውቁትንም እንሰማለን። ሆኖም ሃምሳ ዓመት የቆየ ወቀሳ መላላት የጀመረው ታማሚዎቹ ራሳቸው በጥናቱ ውስጥ ስለገቡ ነው። እኛም ስንፈርም ያሰብነው ይህን ነበር። የደረሰብንን ደግሞ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ቅሬታችን የሚጀምረው ከስምምነቱ ነው። የተሰጠን ቅጽ ብዙ ገጽ ያለውና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ያብራሩልን ባለሙያ የቀጠሮው ሰልፍ እየጠበቃቸው ስለነበር ማብራሪያው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ፦ "ለሕክምናችሁ ይጠቅማል፣ እዚህ ጋ ፈርሙ።" ከአባሎቻችን አንዷ በመርካቶ የሸማ ነጋዴ ናት፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን የተወሰደባት ናሙና ለጥናት እንጂ ለእሷ ሕክምና የታዘዘ ምርመራ አለመሆኑን አታውቅም ነበር፣ ውጤቱን ለመጠየቅ ወደ ላቦራቶሪ መስኮት ስትመላለስ የነበረውም ለዚህ ነው። ማንበብ የማይችሉ አንድ አባት በጣታቸው ፈርመዋል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ከጥናቱ ነጻ የሆነ ምስክር አብሮ እንዲቆም የሚጠይቀው ደንብ በእናንተም ዘንድ የታወቀ ሆኖ ሳለ በቦታው ምስክር አልነበረም። የፈረምነው ቅጽ ቅጂ በእጃችን የለም። ከሁሉም በላይ የከበደን ግን "ትሳተፋላችሁ ወይ?" ብሎ የጠየቀን ያው መድኃኒታችንን የሚያዝልን ሐኪም መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የእሱን እጅ የሚጠብቅ ታካሚ እንዴት ብሎ "አይ፣ ይቅርብኝ" ይለዋል? ማንም አላስገደደንም፤ ነጻ ሆነንም አልወሰንንም።

ቀጥሎ የናሙናውን ነገር እናንሣ፤ ይህ ከሕመሙ ውጭ ላለ ሰው ትንሽ ስለሚመስል በዝርዝር ማቅረብ ይገባናል። ለጥናቱ ከራስ ቆዳችን ላይ በአራት ሚሊ ሜትር መቁረጫ ናሙና ተወስዷል፤ ከአንዳንዶቻችን ሁለት ጊዜ። ጠባሳ በሚተወው የሕመም ዓይነት ናሙናው የሚጠቅመው ፈጽሞ ከተራቆተው መሐል ሲወሰድ ሳይሆን ሕመሙ ገና እየገፋ ካለበት፣ ጸጉር ካልጠፋበት ዳር ሲወሰድ መሆኑን በኋላ ራሳችን አንብበን ተረድተናል። ስለዚህ የተወሰደብን ከቀረን ላይ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ የጸጉር ብዛት በካሜራ እንዲቆጠር ተብሎ ክብ ቦታ ተመርጦ ጸጉራችን ከሥሩ ተከርክሟል። የሳሳውን አናቷን ከፊት በቀረላት ጸጉር ሸፍና ሥራ የምትገባ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ክርክሩ ያረፈባት በዚያው ከፊት በኩል ነው። ምክንያቱን አልተነገራትም፣ ሌላ ቦታ ይቻል እንደሆነም አልተጠየቀችም፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ሻሽ አስራ እየገባች የቅርብ አለቃዋ ስለ አለባበስ ደንብ ሲጠይቃት ሕመሟን በቢሮ ለመናገር ተገድዳለች። "ናሙናው ከዚህ ቦታ ሊወሰድ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቦታው ላይ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል፣ ጸጉርም ላይበቅልበት ይችላል" ብሎ ለመናገር የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። ብንሰማው ብዙዎቻችን እሺ እንል ነበር። ስፌቱን ለማስፈታት እንኳ ወደ ክፍሉ ስንመለስ የጥናቱ ቀን አይደለም ተብለን፣ አንዳንዶቻችን በየሰፈራችን ጤና ጣቢያ ከፍለን አስፈትተናል።

ናሙናው ከዚያ ወዴት ሄደ? በቃል የሰማነው "ውጭ አገር ተልኳል" የሚል ነው። ለየትኛው ላቦራቶሪ፣ በምን የዝውውር ስምምነት፣ ለየትኛው ምርመራ፣ ምን ያህል ጊዜ ሊቀመጥ፣ ለሌላ ጥናት ሊውል ይችል እንደሆነ አልተነገረንም። የዘር መረጃችን ከናሙናው ይወጣል፤ መረጃው ደግሞ የእኛ ብቻ ሳይሆን የልጆቻችንና የእኅት ወንድሞቻችንም ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ፎቶግራፍ ነው። በዚህ ሕመም ራስን መግለጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ባልተገባን ነበር። ከመካከላችን ባሏ ፊት እንኳ ሻሿን የማታወልቅ አለች። ፎቶው የተነሣው ግን በር በሚከፈትና በሚዘጋ፣ ለልምምድ የመጡ ተማሪዎች በቆሙበት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ባለሙያ የግል ስልክ ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የአባላችን ልጅ እናቷ ውጭ እንድትጠብቅ ተደርጋ፣ በማታውቃቸው ወጣቶች ፊት ሻሿን አውልቃ በአራት አቅጣጫ ተነሥታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሕክምናም ቢሆን ወደ ክፍሉ አልመለስም ብላለች። ሒጃብ የምትለብስ አንዲት እናት ሴት ባለሙያ እንድታነሣት ጠይቃ "ዛሬ የለችም፣ ካልሆነ ይቅር" ተብላለች፤ ይቅር ማለት ደግሞ ለመጓጓዣ ከፍላ ከመጣችበት ቀጠሮ ባዶ እጇን መመለስ ነበር። ይህም ሳያንስ፣ የአንድ አባላችን ፎቶ በአንድ ሥልጠና ላይ በስላይድ ሲታይ ዘመዱ አይቶ ነግሮታል። ዓይኑ በጥቁር መስመር ተሸፍኖ ነበር አሉ። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ጭምር የረገፈን፣ በሰፈሩ ሁሉ የሚታወቅን ሰው መስመሩ ከማን ይሰውረዋል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወታችን የማይደፈር መሆኑ ተደንግጓል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው መረጃዎች ጋር ይመድባል። በግል ስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም የሚዘዋወር የታካሚ ፎቶ በየትኛው አግባብ ከዚህ ጋር እንደሚስማማ እንድታስረዱን እንጠይቃለን።

አራተኛው ሕክምና ከማቋረጥ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከሁለተኛው ዙር ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ በተለይ እንድትመለከቱት እንጠይቃለን። ናሙናው በመድኃኒት ሳይነካ እንዲወሰድ ተብሎ በራስ ቆዳቸው ላይ የስቴሮይድ መርፌ ሲወጉ የነበሩ ተሳታፊዎች ለሳምንታት እንዲያቆሙ ተደርጓል። ለጥናቱ ማቆም እንደሚያስፈልግ ይገባናል። ያልገባን ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ወደ ሕክምናቸው የሚመለሱበት ቀጠሮ ለምን እንዳልተያዘላቸው ነው። እንደ አዲስ ታካሚ ካርድ አውጥተው ከሰልፉ መጨረሻ የቆሙ አሉ፤ ከመካከላቸውም በመርፌው መመለስ ጀምሮ የነበረው ጸጉር በዚህ መሐል የረገፈበት የታክሲ ሾፌር አለ። ቅንድቡም አብሮ ስለሄደ ላብና አቧራ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ማታ ማሽከርከር አስቸግሮታል።

አሁን ደግሞ የሁለተኛው ዙር ማስታወቂያ "አዲስ የሚዋጥ መድኃኒት" ይላል፤ ስሙን ግን አይገልጽም። መድኃኒቱ ከባሪሲቲኒብ ወገን ከሆነ፣ የዚህ ወገን መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያለዝቡ ከባድ ኢንፌክሽንን፣ የደም መርጋትን፣ የልብ ችግርንና ካንሰርን የሚመለከት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈባቸው፣ ከመጀመራቸውም በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ግዴታ እንደሆነ እናውቃለን። የሳንባ ነቀርሳ ተሸክሞ ሳያውቀው የሚኖር ሰው በበዛበት አገራችን ይህ ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ፣ ተሸክሞ የተገኘውስ ምን ሕክምና እንደሚሰጠው ከምዝገባ በፊት ሊነገር ይገባል። ከዚህ ባልተናነሰ የሚያሳስበን የማብቂያው ነገር ነው። በባሪሲቲኒብ ጥናቶች ጸጉራቸው ከተመለሰላቸው በኋላ ወደ ማስመሰያ ክኒን የተዛወሩት አብዛኞቹ የበቀለላቸውን መልሰው አጥተዋል። እንግዲህ ተሳታፊው ለጥቂት ወራት ጸጉሩን አይቶ፣ ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ከእጁ ሲወሰድ ምን ይሆናል? በአሜሪካ እንኳ ዋጋቸው ለአንድ ሰው በዓመት በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር መድኃኒቶች ናቸው፤ ከኪሳችን ገዝተን እንቀጥላለን ብሎ የሚያስብ ካለ የታካሚውን ኪስ አያውቅም። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር የሚመራበት የሄልሲንኪ ድንጋጌ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቶ በ2024 እንደገና የተሻሻለው፣ ከጥናት በኋላ ለተሳታፊ ምን እንደሚደረግለት አስቀድሞ እንዲወሰን የሚጠይቀው ይህን የመሰለ ሁኔታ ስላለ ነው። የጥናቱን አጠቃላይ ውጤት ማወቅ ለሚፈልግ ተሳታፊ ዕድሉ እንዲሰጠውም ይኸው ድንጋጌ ይላል። እኛ ሁለቱንም አላገኘንም።

የልጆቹ ጉዳይ ከላይ ካነሣናቸው ሁሉ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም እዚያ መልሱ መድኃኒት ነበር። የጥናቱ አንድ ክፍል በትምህርት ቤቶች የተካሄደ ሲሆን፣ ከልጆቹ ራስ ላይ ጸጉር በወረንጦ እየተነቀለ፣ ቅርፊትም እየተፋቀ ተወስዷል። ቆረቆርና ላሽ ለወላጅ ዓይን ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፣ በአገራችን ሕፃናት ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነትም ትራይኮፊተን ቫዮላሲየም የሚባለው ነው፤ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፣ ቸል ከተባለና አብጦ ከመገለ ደግሞ ጠባሳ ትቶ ጸጉር የማይመለስበት ቦታ ሊያስቀር ይችላል። የፈንገስ ናሙና በላቦራቶሪ ለማብቀል ሳምንታት እንደሚፈጅ እናውቃለን፣ ታግሠንም ጠብቀናል። ውጤቱ ግን ወደ ተመራማሪው ሠንጠረዥ ሲገባ ወደ ወላጅ አልተመለሰም። አንዲት እናት ልጇን ላሽ ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት ስታሽለት ከርማ፣ በመጨረሻ በግል ክሊኒክ ቆረቆር መሆኑ ሲነገራት ታናሽ እኅቱንም ይዟት ነበር። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ልጁን "እስኪድን አታምጡት" ብሎ ከክፍል አስቀርቶታል። በልጁ ራስ ላይ ምን እንዳለ የሚያውቅ ወረቀት በዚያ ሁሉ ጊዜ በጥናቱ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል። ከቅሬታዎቻችን ሁሉ ማብራሪያ ቢሰጥበት እንኳ የማንቀበለው ይህንን ነው።

መጠይቁን በተመለከተ በአጭሩ እንለፍ። ስለ ኬሚካል ማለስለሻና ስለ ተቀጣይ ጸጉር ተጠይቀናል፤ ስለ ቅቤ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርትና በምላጭ ስለ መብጣት፣ ሹሩባው በስንት ቀን እንደሚፈታ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ ሳይወልቅ ስለሚታደርባቸው ቀናት የጠየቀን የለም። አንዲት አባላችን ልትናገር ስትሞክር "ቅጹ ላይ ቦታ የለውም" ተብላለች። ከላይ የሚኖክሲዲልን ታሪክ ያነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። የመጓጓዣ አበልም ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ ታስቦ ስለነበር ከደብረ ብርሃንና ከአዳማ የመጡት ከኪሳቸው አድረዋል።

አቤቱታችንን ይዘን ስንቀርብ ከአንድ ኃላፊ የሰማነው "ጸጉር ነው እኮ፣ አይገድልም፤ ስንት የከፋ በሽታ እያለ" የሚል መልስ ነው። ሕመሙ እንደማይገድል እኛም እናውቃለን። ለዚያውም ቢሆን ጥናቱ የጸደቀው፣ በጀት የተመደበለትና ጽሑፍ የሚወጣበት ስለ ጸጉር መርገፍ ነው። ለመጠናት የሚበቃ ሕመም ከሆነ ተሳታፊውን በአግባቡ ለመያዝም ይበቃል። ከሥራ የቀረች፣ ትምህርት ያቋረጠች፣ ሠርጓን ያራዘመች ሰው በመካከላችን አለች፤ ይህንን የምናነሣው ለማሳዘን አይደለም፣ ጉዳቱ በመጠይቃችሁ ውስጥ ስላልተመዘገበ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተሉትን እንዲፈጽምልን እንጠይቃለን። ከሁሉ አስቀድሞ ከዚህ በታች ላሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እስኪሰጥ ድረስ የሁለተኛው ዙር ምዝገባ እንዲቆም፤ የተመዘገቡ ካሉም ይህ እንዲነገራቸው። በትምህርት ቤት ናሙና የተወሰደባቸው ልጆች ውጤት ሳይውል ሳያድር ለወላጆቻቸው እንዲደርስ፣ ቆረቆር የተገኘባቸውም ከነወንድም እኅቶቻቸው በነጻ እንዲታከሙ፤ ይህ ለሌሎቹ ጥያቄዎች መልስ እስኪገኝ መጠበቅ የለበትም።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት በአማርኛ፣ በሌሎች ተሳታፊዎች ቋንቋዎችም ተጽፎ፣ ሐኪሞቹ በተገኙበትና ጥያቄ በምንጠይቅበት ስብሰባ እንዲቀርብልን፤ ናሙናዎቻችን የት እንዳሉና በምን ስምምነት እንደተላኩ በዝርዝር እንዲገለጽ፣ ናሙናው እንዲወገድለት የሚጠይቅ ተሳታፊም ጥያቄው እንዲከበርለት እንሻለን። ፎቶግራፎች ከግል ስልኮችና ከቴሌግራም ተሰርዘው የሆስፒታሉ ኃላፊነት ባለበት ቦታ ብቻ እንዲቀመጡ፣ ለሥልጠና ወይም ለኅትመት ከመዋላቸው በፊት ባለቤቱ ለዚያው ብቻ የተለየ ፈቃድ እንዲሰጥ፣ ፎቶም በተዘጋ ክፍል፣ ታካሚው በመረጠው ጾታ ባለሙያና ለልጆች ወላጅ ባለበት እንዲነሣ እንጠይቃለን።

ሁለተኛውን ዙር በሚመለከት የመድኃኒቱ ስም፣ የሚታወቁ ጉዳቶቹ፣ የማስመሰያ ክኒን ቡድን መኖር አለመኖሩ፣ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠው ፈቃድ፣ በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ለሚደርስበት ሰው ማን እንደሚያሳክመውና መድኃኒቱ ለጠቀመው ሰው ከጥናቱ በኋላ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ለምዝገባ ከሚቀርበው ቅጽ ጋር በግልጽ ይጻፍ። ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ታካሚውን የሚያክመው ሐኪም አይሁን፤ ቅጹ ቤት ተወስዶ ከቤተሰብ ጋር ይመከርበት፤ ቅጂውም ለፈራሚው ይሰጥ። በመጨረሻም መጠይቁና የናሙና አወሳሰዱ ከመጽደቁ በፊት ከታካሚዎች መካከል የተመረጡ ሁለት ሰዎች አይተው አስተያየት እንዲሰጡበት፣ አቤቱታ የሚቀርብለትም ከተመራማሪዎቹ ውጭ የሆነ፣ ስሙና ስልኩ በቅጹ ላይ የተጻፈ ሰው እንዲመደብ እንጠይቃለን።

መልሳችሁን ከመዝገብ ቤቱ በተሰጠን የአቤቱታ ቁጥር አማካይነት በጽሑፍ እንጠብቃለን። ስብሰባ ከተጠራም በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሆን ከክፍለ ሀገር የሚመጡት በዕለቱ ደርሰው ሊገኙ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣

በቆዳና አባላዘር ሕክምና ክፍል በጸጉር መርገፍ ሕመም የሚታከሙ ታካሚዎችና የታካሚ ልጆች ወላጆች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ
ለሆስፒታሉ የታካሚዎች ቅሬታ ሰሚ ክፍል
ለሁለተኛው ዙር ጥናት ዋና ተመራማሪ